ሽማግሌ ፊት የቀረበው የጠፈር መጽሐፍ

ባለፈው ወር ሂርና ላይ ቤት ስቀይር ያ መጽሐፍ ከአንድ ካርቶን ስር ብቅ አለ። ሽፋኑ ላይ ብርማ ልብስ የለበሰች ሴት መፍቻ ይዛ ቆማለች። ሳየው ብቻዬን ሳቄ መጣ። ዕቃ የሚያወርዱት ልጆች "ቲቸር፣ ምን አገኘሽ?" አሉኝ። ምን ልበላቸው? በዚህ መጽሐፍ ሰበብ ሽማግሌ ተቀምጦ ነበር ብል ማን ያምነኛል?

ያኔ ጭሮ ከተማ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። መጽሐፉ የእንግሊዝኛ መምህራችን የቲቸር ሰናይት ነው፤ ከሐዋሳ ተመድባ ስትመጣ በሻንጣዋ ይዛው የመጣችው፣ ከአንድ ተከታታይ ፊልም ተነስቶ የተጻፈ ልብ ወለድ። ፊልሙን እስከ ዛሬ አላየሁትም። ታሪኩ ግን ጠፈር ላይ ስለምትንሳፈፍ፣ ከተማ ስለምታህል መርከብ ነው። አንድ ሰባኪ ይነሳና "ሰማይ ማየት ኃጢአት ነው" ብሎ መስኮቱን ሁሉ በብረት ያስደፍናል። ቀና ያለ ይታሰራል። አንዲት መካኒክ ግን እምቢ አለች። ቲቸር ሰናይት በእረፍት ሰዓት በሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያ እየተረጎመች ስታነብልን ኳሱም ሱዚውም ይቆማል። ብስኩት የጎረሰው ልጅ እንኳ ማኘኩን ይረሳል።

ነገሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አፌ አያርፍማ! እናቴ ስኳር ልካኝ ጋሽ ተካ ሱቅ በር ላይ "ሃይማኖተኞቹ ናቸው ክፉዎቹ፣ ሰው ያስራሉ!" እያልኩ ለልጆች ስተርክ፣ ጋሽ ተካ ሚዛናቸውን ትተው ሰሙኝ። እሳቸው ደግሞ የወላጅ ኮሚቴ ናቸው። በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገብተው "ይህ መጽሐፍ ሃይማኖት ይሰድባል፤ ይቃጠል! መምህሯም ትነሳልን!" አሉ። የትኛውን ሃይማኖት እንደሚሰድብ ሲጠየቁ "ሁሉንም!" አሉ አሉ። ቲቸር ሰናይት ዓይኗ ቀልቶ ክፍል ስትገባ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ርዕሰ መምህሩ ብልህ ሰው ነበሩ፤ ነገሩን ለሽማግሌ ሰጡት። ከቤተ ክርስቲያን መምሬ ወልዴ፣ ከመስጊድ ደግሞ ከመሰላ በሚኒባስ የሚመጡት ሼህ አብደላ ተመረጡ። ሁለቱ አብሮ አደግ ናቸው፤ የማይበርድ ጥል እነሱ ጋ ሲደርስ ይበርዳል። "ያልሰማነውን አንፈርድም" አሉ። "መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር ይነበብልን።" ቲቸር ሰናይት ልታነብ ስትነሳ ሼህ አብደላ እጃቸውን አነሱ።

"አንቺማ ተከሳሽ ነሽ። ይቺ ወሬኛ ታንብብ።"

ወሬኛዋ እኔ ነኝ። እንግዲህ በሰባተኛ ክፍል እንግሊዝኛ!

በየቅዳሜው ከዙሁር፣ ከቀትሩ ሶላት በኋላ የዕድሩ አዳራሽ እንሰበሰባለን። ሼህ አብደላ ጫታቸውን፣ መምሬ ኦቾሎኒያቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። የማላውቀው ቃል ሲመጣ ከራሴ እጨምራለሁ። ስሳሳት ቲቸር ሰናይት "እህም!" ብላ ትስላለች፤ ቶሎ አስተካክላለሁ። አንድ ቀን ግን ሳሏን ሳልሰማ ቀረሁና መምሬ ያዙኝ። "ቆይ እስቲ ልጄ፣ ባለፈው ቅዳሜ የቀበርሽው ካፒቴን ዛሬ በየት ጉሮሮው ውሃ ጠጣ?" አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ተደረበ። በሦስተኛው ሳምንት ከሳሻችን ጋሽ ተካ ከሁላችን ቀድመው የፊት ወንበር ይዘው አገኘናቸው። መካኒኳ ስትታሰር "ኤዲያ! ይሄ ሰባኪ ሰው አይደለም!" ብለው ብድግ አሉ። መምሬ "ተካ፣ ከሳሽ ነህ እኮ" ሲሏቸው አፍረው ተቀመጡ። ሼህ አብደላን ያበገናቸው የመስኮቱ ነገር ነው። "ሰማይ ካልታየ ጨረቃ በምን ይታያል? ረመዳን በምን ይገባል? አስተግፊሩላህ!" መምሬም "እኛስ ፋሲካን የምንቆጥረው በፀሐይና በጨረቃ አይደል? ይህ ሰውዬ የማንንም ሃይማኖት አያውቅም" አሉ።

የመጨረሻው ቅዳሜ ደረሰ። የመጨረሻው ምዕራፍ ቃላት ግን ሁሉም ባዳ ሆኑብኝ፤ ከአንድ አንቀጽ በኋላ ጭራሽ ጠፋኝ። ሁሉም አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል። የቲቸር ሰናይት ሥራም፣ መጽሐፉም በእኔ ምላስ ላይ ተንጠልጥሏል። የመጣው ይምጣ ብዬ ቀጠልኩ። መካኒኳ ከእስር አመለጠች፣ ብሎኑን አንድ በአንድ ፈታች፣ ብረቱ ወደቀ። የመርከቧ ሰው ሁሉ ሰማዩን አየ፤ ሰባኪውም ቀና ብሎ አለቀሰ። ሳል ስጠብቅ፣ ሳል የለም። "ተፈጸመ" ብዬ ዘጋሁት።

ሽማግሌዎቹ ትንሽ ተንሾካሾኩ። "መጽሐፉ ነፃ ነው" አሉ መምሬ። "በእምነት ስም የሰው መስኮት የሚደፍን ግን ጥፋተኛ ነው።" ጋሽ ተካ ቲቸር ሰናይትን ይቅርታ ጠየቁ፤ ለእኛም ከረሜላ በተኑ። እኔ እስከ ቤት ድረስ እየዘለልኩ ሄድኩ።

ቲቸር ሰናይት ስትዛወር መጽሐፉን ለእኔ ሰጠችኝ። ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ በደንብ አነበብኩትና ክው አልኩ። ለካስ መካኒኳ በትንሽ መንኮራኩር ብቻዋን ነው የምታመልጠው! መስኮቶቹ እንደተደፈኑ ይቀራሉ፤ ቀሪው በሌላ ቅጽ ነው። ያን ሁሉ ሰው ማታለሌ ለዓመታት ሲከነክነኝ ኖረ።

ዛሬ የእኔ ተማሪዎች የጠፈሩን ፊልም ሁሉ በስልካቸው ያያሉ፤ መጨረሻውንም ሳይሳሳቱ ያውቁታል። ደግ ነው። እኔን ግን ቄስና ሼህ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆነው "እሺ፣ ከዚያስ?" የሚሉበት ቅዳሜ ይናፍቀኛል።

መጽሐፉን ባገኘሁ በሳምንቱ ይዤው መሰላ ሄድኩ። መምሬ ወልዴ ዐርፈዋል። ሼህ አብደላ ግን አሉ፤ ዓይናቸው ብቻ ደክሟል። አጠገባቸው ተቀምጬ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

"ኢንተላ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "ጣትሽ አንድ ገጽ ላይ ተተክሎ አፍሽ ሩብ ሰዓት ሲሮጥ፣ እኔና ወልዴ ያላየን መሰለሽ?"

"ታዲያ ለምን ዝም አላችሁኝ?"

"እኛም መስኮቱ እንዲከፈት ፈልገን ነበራ!" መጽሐፉን በእጃቸው ዳበሱት። "በይ አሁን አንብቢልኝ።"

"የትኛውን መጨረሻ?"

"ያንቺን ነዋ!"

የመጨረሻውን ምዕራፍ ገለጥኩ፤ ጣቴን አንድ ገጽ ላይ ተከልኩና ጀመርኩ።