ያረፈደችው ሚስት ወንበር

በዴይተን ከተማ የአንድ ቲያትር ቤት የጓሮ በር ስጠብቅ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። እንደ ሌስተር ክራም ያለ ቀልደኛ ፒያኖ መቺ ግን አላየሁም። ዕድሜውን በባቡር ከከተማ ከተማ ሲዞር ፈጀው። ቤት የለው፣ ልጅ የለው፤ ያለችው ሚስቱ ሚርትል ብቻ ነበረች። አንድ ፒያኖ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው እየተነታረኩ ሲጫወቱ ሰው በሳቅ ይፈርስ ነበር።

በ1924 መስከረም፣ ሰኞ ጠዋት፣ ብቻውን መጣ።

"ሚርትልስ?" አልኩት።

"በሰኔ ቀበርኳት፣ አባባ። ለማንም እንዳትናገር።"

"ታዲያ እንዴት ልትሆን ነው?"

"ወንበሯን አስቀምጬ 'አረፈደች' እያልኩ እሰድባታለሁ። ሰው ይስቃል። እነሱ ሲስቁ ለእኔም ያረፈደች ብቻ ትመስለኛለች። ይቺን ጨዋታ ካጣሁ ምን ይቀረኛል?"

ምላሴን ይቁረጠው! ደግ የሠራሁ መስሎኝ ለሙዚቀኞቹ ነገርኳቸው። እኛ ዘንድ መጀመሪያ የሚስቁት ከመድረኩ ሥር ያሉት ሙዚቀኞች ናቸው፤ አዳራሹ እነሱን ይከተላል።

ከሰዓት በኋላ ሌስተር መድረክ ላይ ወጣ። ባዶውን ወንበር በመሃረቡ ወለወለና፣ "ይቺ ሴትዮ! ኮፍያ መርጣ እስክትጨርስ ፀጉሬ ሸበተ፣ የቀረውም ረገፈ!" አለ።

ሙዚቀኞቹ አንገታቸውን ደፉ። ከበሮ መቺውማ ዓይኑን ጠረገ። አዳራሹ ጭጭ አለ። ሌስተር ዞር ብሎ ከመጋረጃው ጀርባ የቆምኩትን እኔን አየኝ። ገባው። እንደምንም ተጫውቶ ወረደ።

እኛ ጋ "ተባረሃል" አይባልም። መግቢያው ላይ የተሰቀለው ፎቶህ ከተመለሰልህ አለቀ፣ ሻንጣህን ታነሳለህ። ሥራ አስኪያጁ ፎቶውን አውርዶ፣ "ስጠው" ብሎ ለእኔ ሰጠኝ። ሁለቱም አሉበት፤ እሷ በክርኗ ጎኑን ትጎሽመዋለች።

"ይቅር በለኝ፣ ሌስተር። አሳዝነኸኝ እኮ ነው" አልኩት።

"አውቃለሁ፣ አባባ።" ፎቶውን አተኩሮ አየው። "እስከ ዛሬ ጠዋት አርፍዳ ነበር። ዛሬ ሞተችብኝ።"

ሻንጣውን ይዞ ሄደ። ወንበሩን ግን አልወሰደም። ከጓሮው በር አጠገብ አስቀምጬዋለሁ። አዲስ የሚመጡት ሊቀመጡበት ሲሉ፣ "ተው! ባለቤቷ አርፍዳ ነው፣ ትመጣለች" እላቸዋለሁ።

ይስቃሉ። እኔ አልስቅም።