ስምንቱን ዓመት ለማስረዳት እስከ ጁባ

በጥቅምት 2010 አጋማሽ ከጋምቤላ የተነሳሁት ተናድጄ ነው። ያን ጊዜ የተናደድኩት በራሴ ነበር። ሠላሳ ዓመት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። መዝገብ ቤት ብሆንም ተማሪው ሁሉ «ቲቸር» ነበር የሚለኝ። በእጄ ከጻፍኳቸው ትራንስክሪፕቶች አንዱ አሁን ጁባ ላይ የአንዲት ሴት ወንበር ሊያሳጣ ነው።

ሴትየዋ ኛቦል ትባላለች። በስደተኛ ካምፕ አድጋ፣ እኛ ትምህርት ቤት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ አገሯ ገባች፤ ተመርጣም የምክር ቤት አባል ሆነች። ትራንስክሪፕቷ ላይ የጨረሰችበትን ዓመት «1996» ብዬ ጽፌ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን የምታሳየውን «ዓ.ም.» ረስቻለሁ። ኛቦል የተወለደችው በፈረንጅ 1985 ነው። አስሉት እንግዲህ፤ በአሥራ አንድ ዓመቷ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳለች ማለት ነው። «ወረቀቱ ፎርጅድ ነው» ብለው ከሰሷት። ደውላ «ቲቸር፣ ይምጡልኝ» አለችኝ።

በመንገድ

ጎሬንና መቱን አልፈን በደሌ አደርን። አጠገቤ የተቀመጠው የቡና ነጋዴ ጁባ እንደምሄድ ስነግረው «ምን ጠፍቶብዎት ነው?» አለኝ። «ዓመተ ምሕረት» አልኩት። እስከ አዲስ አበባ ድረስ ሌላ ነገር አልጠየቀኝም።

በቦርሳዬ ውስጥ ማኅተም ያረፈበት የመዝገቡ ቅጂ፣ የቀበሌ መታወቂያዬና ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን የሚያሳይ የግድግዳ ካላንደር ነበረ። ካላንደሩን እንደ ሕፃን ታቅፌ አውሮፕላን ገባሁ። ከሁለት ሰዓት ላልበለጠ በረራ ይህን ያህል መጠንቀቄ አስቆኝ ነበር።

ጁባ

ጁባ አየር ማረፊያ መንገደኛ የሚስተናገደው በድንኳን ውስጥ ነው፤ ወለሉ ጣውላ ነው፣ ሲረግጡት ይረገርጋል። ለቪዛ መቶ ዶላር ከፍዬ ስወጣ ኛቦል ቆማ አገኘኋት። ያቺ ቀጭን ልጅ ሙሉ ሴት ሆናለች። ሙኑኪ በሚባለው ሰፈር የደብረ ብርሃኗ ትዕግስት ወደምታስተዳድረው ፔንሲዮን ወሰደችኝ። ጠርሙስ ውሃ ሃምሳ ፓውንድ፣ ክፍሉ ንጹሕ፣ ጄኔሬተሩ ደግሞ ጆሮ የሚበጥስ ነው።

«እውነት የከሰሱሽ በወረቀቱ ነው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ወረቀቱ ሰባት ዓመት ፋይሌ ውስጥ ተኝቷል፣ ቲቸር። የቀሰቀሱት ባለፈው ወር ነው።»

በወረዳዋ ተሠርቶ አለቀ የተባለ ክሊኒክ አለ። እሷ በእግሯ ሄዳ አየችው፤ ጣራ የለው፣ በር የለው። ተመልሳ ምክር ቤቱ ውስጥ ተነስታ ተናገረች፤ ሚኒስትሩ ቀርቦ እንዲመልስም ጠየቀች። የፊታችን ሐሙስ ሊመልስ ቀጠሮ ተያዘ። በተናገረች በሳምንቱ የፎርጅድ ክስ መጣ፤ ክሱ እስኪያልቅም በጉባኤ እንዳትናገር ታገደች። ክሱን የሚያየው የምክር ቤቱ ኮሚቴ የሚሰማን ማክሰኞ ነው፤ ያን ዕለት ነጻ ካላሏት ሐሙስ ጥያቄውን የሚያነሳ ሰው አይኖርም።

በማግስቱ የወንዙን ድልድይ አቋርጠን ጉምቦ ወደሚባል ሰፈር ሄድን። ኛቦል ከወረዳዋ የመጣች ማርታ የምትባል ከሰል ሻጭ ጋ አደረሰችኝ። «ክሊኒኩ እንዴት ነው?» ብዬ በኛቦል በኩል ብጠይቃት «ማፊ» አለች፤ የለም ማለቷ ነው። ምራቷ ዛፍ ሥር አምጣ ከነልጇ መሞቷን ስትነግረኝ ከሰሉን መደርደር አላቆመችም። ስመለስ ባጃጁ ውስጥ ጥርሴን ነክሼ ነበር።

ምሳ

ሰኞ ትዕግስት ቤት ምሳ ስበላ አንድ ረጅም ሰውዬ ገባ። «ትዕግስት፣ ጥብሱ ላይ ቃሪያ አብዢበት» አለ፤ አማርኛው ከእኔ የጠራ ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ እሱ መሆኑን ትዕግስት በጆሮዬ ነገረችኝ። ከየት እንደመጣሁ ሲሰማ ወንበሩን ሳበ።

«እኔ የ1981 ባች ነኝ፣ ቲቸር፤ ጎሬ ነው የጨረስኩት። እኛን ሰው ያደረጉን የኢትዮጵያ አስተማሪዎች ናቸው።»

ምሳዬን ከፍሎልኝ፣ ጎንበስ ብሎ ተሰናብቶኝ ሄደ። ደስ አለኝ። ይህ ሰው አቆጣጠራችንን ያውቃል፤ ነገሩ አለቀ ብዬ ለትዕግስት ነገርኳት።

«አይሞኙ» አለችኝ ሳህኑን እያነሳች፤ «አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም።»

ኮሚቴው ፊት

ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተብለን ስድስት ሰዓት ላይ ገባን። ስንጠብቅ ኛቦል የአባላቱን የሕይወት ታሪክ የያዘ መጽሔት ሰጥታኝ ስገላብጥ ቆየሁ። የሰብሳቢው ፎቶ ሥር «1970 ተወለደ፤ 1989 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በኢትዮጵያ አጠናቀቀ» የሚል አየሁ። ሁለቴ አነበብኩት።

ካላንደሬን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ፣ በዚያች በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዬ አስረዳሁ። ስህተቱ የእኔ ነው፤ ምልክቷን የረሳሁ እኔ ነኝ፤ 1996 የእኛ ማለት በፈረንጅ 2004 ነው፤ ልጅቷ ስትጨርስ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር አልኩ። ሰብሳቢው ካላንደሩን በጣቱ ጫፍ ገፋ አድርጎ ወደ አባላቱ ዞረ።

«ምስክሯ ስለምትለው የዘመን አቆጣጠር የሚያውቅ ሰው በዚህ ክፍል ውስጥ አለ?»

ከአባላቱ ሁለቱ ኢትዮጵያ የተማሩ መሆናቸውን ኛቦል ነግራኛለች። አንደኛው ስልኩን ያይ ጀመር፤ ሌላው ጠረጴዛውን። ደሜ ፈላ። እንግሊዝኛው ጠፋኝና በአማርኛ ተናገርኩ።

«አለ፤ እርስዎ ነዎት። ትናንት በ1981 ጨረስኩ አሉኝ። መጽሔቱ ላይ 1989 ይላል። ስምንቱን ዓመት ማን ደመረልዎት?»

ስልኩን ያይ የነበረው ሰውዬ ሳቁ አመለጠው። ኛቦል ተነስታ ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው። ሰብሳቢው ወረቀቶቹን አስተካክሎ «ኮሚቴው አይቶ ውሳኔውን ያሳውቃል» አለና ስብሰባውን ዘጋ።

በረንዳ ላይ ተከትሎኝ መጣ። «ቲቸር፣ እንዳይቀየሙኝ። ፖለቲካ ነው።»

«ሬሳ ነው» አልኩት፤ «ጉምቦ ሄደው ይጠይቁ።» የዘረጋውን እጅ አልጨበጥኩም። በሕይወቴ የሰው እጅ ሳልጨብጥ ስቀር የመጀመሪያዬ ነው፤ አልጸጸተኝም።

ረቡዕ ውሳኔ የለም። ሐሙስ ኛቦል የክት ልብሷን ለብሳ፣ ጥያቄዋን ይዛ ጉባኤው ውስጥ ተቀመጠች፤ እግዱ ስላልተነሳ አፏን መክፈት አልቻለችም። ሚኒስትሩ መጥቶ ጠያቂ የለም ተብሎ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሄደ። ዓርብ ጠዋት ደብዳቤው ደረሰ፤ ነጻ ናት። ስህተቱ «የትምህርት ቤቱ መዝገብ ሠራተኛ ቸልተኝነት» ነው ይላል። በዚህ ሁሉ ነገር ጥፋተኛ ተብሎ በወረቀት የሰፈረው ሰው እኔ ብቻ ነኝ።

ቤቴ

ጋምቤላ የገባሁት እግሬ አብጦ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የተዋጋሁት አለማወቅን ነበር፤ ሰው ካወቀ ይስተካከላል ብዬ አምን ነበር። ጁባ ላይ ያየሁት ግን እያወቀ ዝም የሚል ሰው ነው፤ ያስተማርነውም እኛው ነን። ይሄ ነው እስካሁን የሚያናድደኝ። ጥፋቴን አልክድም፤ ረስቻለሁ። እነሱ ግን አልረሱም።

ማታ ኛቦል በሰላም መግባቴን ለመጠየቅ ደወለች።

«ጥያቄሽስ?» አልኳት።

«ምክር ቤቱ ዕረፍት ወጥቷል። ከሦስት ወር በኋላ እንደገና አስገባለሁ።»

«ምጥ ሦስት ወር ይጠብቃል ወይ?»

 

«እኔም ሚኒስትሩን ይህንኑ ነበር የምጠይቀው» አለች፤ «ሐሙስ ዕለት።»