ልጄ የገዛት የእንግሊዝ መኪና

መኪናዋን ያመጧት ከካርቱም የሸሹ ሱዳናዊ ነጋዴ ናቸው። ጦርነቱ ሳይመጣ ሰሊጣችንን የሚገዙን እሳቸው ነበሩ። በጭነት መኪና ላይ ሸራ አልብሰው መተማ አስገቧት። ሸራው ሲገለጥ አረንጓዴ፣ ጣራ የሌላት፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ሆና ተገኘች።

"የአባቴ ነበረች፣ ያ ሐጃ" አሉኝ፤ ትልቅ ሴት ሲያከብሩ እንዲህ ነው የሚሉት። "እንግሊዞች ከዓይነቷ ጥቂት ሠርተው የተዉት ነው። ካርቱም ውስጥ ሁለተኛ አልነበራትም።"

ልጄ የሰው ትራክተር ይነዳል፣ ይጠግናልም። ዕድሜው ሠላሳ አልፏል፤ ተቆጥቼ የምመልሰው ሰው አይደለም። የዓመቱን ሰሊጥ ለሰውየው ሰጥቶ መኪናዋን ተረከበ። እኛ ያሰብነው የራሱን ትራክተር እንዲገዛ ነበር።

"እማየ፣ ትራክተር ሁልጊዜ አለ" አለኝ። "ይች ግን ዛሬ ካልያዝኋት ነገ የለችም።"

ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ አየ። ከጎጃም ለአጨዳ የመጡት ሠራተኞችም ከበዋት ቆሙ።

"እመይቴ፣ ይች ገና ታድጋለች?" አለኝ አንዱ።

"ተቀምጣ እኮ ነው፤ ስትነሳ ታያታለህ" አለው ጓደኛው።

እኔም ሳቅሁ። የፈራሁት ግን ሌላ ነው። ልጄ ለሥራ ወደ ሸሕዲ ከተማ የሚመላለስበት መንገድ ሰው የታገተበት መንገድ ነው። የሚያግቱትም ገንዘብ አለው ብለው ያሰቡትን ነው። ልጄ ያለውን ሁሉ ሰጥቶ፣ ያለው የምታስመስል መኪና ገዛ። ጣራ እንኳ ስለሌላት ፊቱ ከሩቅ ይታያል። እንዳይወጣባት ብለምነው "ቆማ ላያት ነው የገዛኋት?" አለ።

ሌላም ነገር ነበረባት። መሪዋ በቀኝ በኩል ነው። ከፊት የጭነት መኪና ካለ ልጄ ማዶውን አያይም፤ የሚያይለት በግራ ወንበር የተቀመጠ ሰው ነው። ይኸን ስሰማ "እኔ እቀመጣለሁ" አልሁ። አጠገቡ ካለሁ ቀስ ይላል፣ የሚያግትም ቢመጣ እናት ሲያይ ያፍር ይሆናል ብየ ነው።

መጀመሪያ የወጣን ቀን፣ ኬላው ላይ ሚሊሻው እንደ ልማዱ በግራ በኩል መጣ።

"እናቴ፣ መንጃ ፈቃድ ያሳዩኝ" አለኝ ኮስተር ብሎ።

"ልጄ፣ እኔ ትምህርቱን ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው የተውሁት።"

እጄን አየ፤ መሪ የለም። "ታዲያ በምን እየነዱ መጡ?" አለ። ልጄ በወዲያ በኩል መሪውን መታ መታ አድርጎ ሲያሳየው ሳቀና ለቀቀን።

ከዚያ ወዲያ ሥራየ ይኸው ሆነ። ሊቀድም ሲል "እማየ፣ መንገዱ ባዶ ነው?" ይላል። "ቆይ" እላለሁ። ባዶም ሆኖ ቆይ እላለሁ። የሰሊጥ ጫኝ ጭስ እየጠጣን ሸሕዲ እንገባለን። "በትራክተር ብንመጣ ይሻለን ነበር" ይለኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ቤት በሌለበት ጫካው አጠገብ አንድ ፒካፕ ከኋላችን ተለጠፈ። ስንቀንስ ይቀንሳል፣ ስንጨምር ይጨምራል። ከፊታችን ደግሞ ተሳቢ አለ። ልጄ በስፖኪዮው አየው፤ ደግሞ አየው።

"እማየ፣ ባዶ ነው?"

አንገቴን አወጣሁ። አንድ ሚኒባስ ይመጣል፤ ሩቅ ነው፣ ግን ይመጣል። ቆይ ብል የኋላው አለ፣ ሂድ ብል የፊቱ።

"ሂድ" አልሁት።

መኪናዋ ምን እንደሆነች ያን ጊዜ አወቅሁ። ጮኸች፤ ሻሼ ከራሴ በረረ። ተሳቢው የቆመ ያህል ኋላ ቀረ። መስመራችንን ከያዝን በኋላ ነው ሚኒባሱ ያለፈን።

ሸሕዲ ገብተን ገና ሳንወርድ ፒካፑ አጠገባችን መጥቶ ቆመ። የወረዱት ስልካቸውን የያዙ ጎረምሶች ናቸው፤ የተከተሉን ፎቶ ሊያነሷት ነው።

"እናቴ፣ ስንት ትሮጣለች?" አለኝ አንዱ።

"እሱን አንተ ንገረኝ፤ ያሯሯጥኸን አንተ ነህ" አልሁት።

ጎረምሶቹ ሳቁ። ልጄ አልሳቀም። ዞሮ መጥቶ ክንዴን ይዞ አወረደኝ።

"ሌሎች ቢሆኑስ ኖሮ?" አለኝ ቀስ ብሎ።

"እኔ ሌሎች ናቸው ብየ ነው ሂድ ያልሁህ።"

በማግስቱ ወደ ሸሕዲ ሲሄድ በሚኒባስ ሄደ። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማለች፤ እሑድ እሑድ መተማ ከተማውን እንዞርባታለን፣ እዚያ የምንቀድመው የለም። ሚኒባስ ውስጥ ልጄ ከብዙ ሰው አንዱ ነው፣ ማንም ለይቶ አያየውም። እሱ እስኪመለስ ግን አሁንም ደጅ ደጁን አያለሁ። ሚኒባሱም የሚሄደው በዚያው መንገድ ነው።