እጅጌው ውስጥ የገባው ሥር

እትዬ መርፌ አልለቅም ያሉት የሟች ባላቸውን ካፖርትና ካፖርቱን የሙጥኝ ብሎ የያዘውን ኦርኪድ የተባለ የአበባ ተክል ነበር፤ ሁለቱ አንድ አካል ሆነዋልና አንዱን ያለ ሌላው መልቀቅ አይቻልም።

ሴትዮዋ ልብስ ሰፊ ናቸው። «መርፌ» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡላቸው ደንበኞቻቸው ሲሆኑ፣ ምላሳቸውም እንደ መርፌያቸው ስለሚወጋ «አይገባቸውም» ያለ አልተገኘም። ባላቸው የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ከመጨረሻ ጉዟቸው ሲመለሱ ያንን ሰፈርተኛው አይቶት የማያውቀውን ተክል በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው አመጡና፣ «አፈር አታቅምሺው፤ የሚኖረው በአየር ነው» አሉ።

«አፈር የማይፈልግ ተክልና ቤት የማይፈልግ ባል! ደግ ተገናኛችሁ» ብለው እትዬ መርፌ ጥቁር አፈር ውስጥ ቀበሩት።

ብዙም ሳይቆይ ባልየው በድንገት ዐረፉ፤ ተክሉም ከሥሩ ይበሰብስ ጀመር። እትዬ መርፌ ያን ጊዜ ደነገጡ። ቆፍረው አወጡት፤ የዛፍ ቅርፊትና የከሰል ስባሪ በሞላው ማሰሮ አድርገው፣ ከመተኮሻው ጠረጴዛ ጀርባ፣ ካፖርቱ ከተሰቀለበት ምስማር ሥር አኖሩት። የካውያው እንፋሎት ተስማማው። ሥሮቹ ግን አመድ መስለው፣ የሰው ጣት አክለው፣ ግድግዳውን እየዳበሱ ወጡና ግራ እጅጌው ውስጥ ገቡ። ባዶ የነበረው እጅጌ ቀስ በቀስ ሞላ፤ ሟቹ የመኪናቸው መስኮት ላይ ክንዳቸውን ሲያስደግፉ እንደነበረው፣ ክርኑ ላይ ታጠፈ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ መውለጃዋ የተቃረበ አንዲት ልጃቸው ልትጠይቃቸው መጣች። እትዬ መርፌ ከዚህ ዓለም የቀራቸው ጉጉት ያንን የሚወለደውን ሕፃን መታቀፍ ነበር።

«እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«አባትሽ ነዋ! በሕይወቱ እንዲህ ቤት ውሎ አያውቅም።»

«ቀልዱን ተይው! እጁ ተንቀሳቀሰ እኮ!»

«ንፋስ ነው።»

«መስኮቱ ዝግ ነው፣ እማዬ።»

ልጅ መቀሱን ከጠረጴዛው አንሥታ፣ ከእጅጌው አፍ ብቅ ያለውን አንዱን ሥር ቀነጠበችው። ወዲያው ክፍሉን የናፍጣና የትምባሆ ሽታ ሞላው፤ ካፖርቱም ብርድ እንደመታው ሰው ትከሻውን ሰበሰበ።

ልጅቱ መቀሱን እንደጨበጠች ወደ በሩ አፈገፈገች። «ወይ ይሄን ነገር ዛሬውኑ ቆርጠሽ ጣይ፣ ወይ የምወልደውን ልጅ ዓይኑን አታዪውም!»

እትዬ መርፌ የተቆረጠውን ሥር ከወለሉ አነሡ፤ በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ፊታቸው እንደ ጨርቅ ነጥቶ እንዲህ አሉ፦

«አባትሽ ሲኖር እጁን ከመሪው ላይ አንሥቶ ትከሻዬን የነካበትን ቀን አላስታውስም። አሁን ጀርባዬን ሰጥቼው ስተኩስ፣ ቀስ ብሎ ይነካኛል። ሞቶ ይሁን በቅሎ፣ እኔ አልጠይቅም። ልጅሽን ብትከለክይኝ አለቅሳለሁ፤ ልቅሶውን እንደሆነ ለምጄዋለሁ። እሱን ግን አልቆርጠውም፤ መቀሴን መልሺ።»