ሦስት ሳንቲ ሜትር ጎማ

ለንስሐ አባቴ ብዙ ነገር ተናግሬያለሁ። የሻርኩትን ጾም፣ ያማሁትን ጎረቤት፣ የዋሸሁትን ጥቃቅን ውሸት ሁሉ ቆጥሬላቸዋለሁ። ይህን ግን አንድም ቀን አላነሳሁትም። ጉሮሮዬ ላይ ሲደርስ ሌላ ትንሽ ኃጢአት እፈልግና በእሱ እተካዋለሁ። እርስዎ አያውቁኝም። መንገድ ላይ ብንገናኝ ጥቁር የለበሰች አንዲት የሐዋሳ ሴት ብለው ያልፉኛል። ስለዚህ ለእርስዎ ልናገር።

ጎማውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ባለቤቴ ማቴዎስ አይደለም። እኔ ነኝ።

ማቴዎስ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ እኔ የሒሳብ አስተማሪ። ልጅ አልወለድንም። መኪናዋን የገዛት ከሌላ ሰው እጅ ነው፤ ብርማ፣ ዝቅ ያለች፣ ስፖርት የሚሏት ዓይነት አውቶሞቢል። ቅዳሜ ቅዳሜ ዱቄትና የውኃ ጀሪካን ጭኖ ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለችው ቱላ፣ እናቱ ጋ ይሄዳል። ከአስፋልቱ ሲወጡ እስከ ቤታቸው ያለው መንገድ ድንጋይ ነው፤ ሲዘንብ ደግሞ ቀይ ጭቃ።

መጀመሪያ መጀመሪያ አብሬው እሄድ ነበር። አማቴ አማርኛ አይችሉም፤ እኔ ሲዳሙ አፎ አልችልም። እናትና ልጅ ሲሳሳቁ እኔ ሳህኔን አያለሁ። አማቴ ክፉ ሴት አልነበሩም። የቆጮውን ቡርሳሜ በቅቤ አርሰው መጀመሪያ የሚያቀርቡት ለእኔ ነበር። እጄን ይዘው ረጅም ነገር ይነግሩኛል፤ ማቴዎስ ደግሞ “ልጄ ናት እያለች ነው” ይለኛል። ታዲያ ምን ጎደለብኝ? ማቴዎስ እዚያ ቤት የሚስቀውን ሳቅ የእኛ ቤት ውስጥ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ያ ነው የቆጠቆጠኝ። በአንዲት አሮጊት ቀናሁ። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል።

አንድ ዓመት ላይ የመኪናዋ ቸርኬ ዛገና ማቴዎስ መለወጥ አማረው። ስልኩ በቸርኬ ፎቶ ተሞላ። “አንቺ ምረጪልኝ፤ ቁጥር ያንቺ ነው” አለኝ። “እኔ እንደሆነ ያየሁት ሁሉ ያምረኛል።”

ቁጥሩን ለመማር ግማሽ ቀን አልፈጀብኝም። በጎማው ጎን ከተጻፉት የመጀመሪያው ስፋቱ ነው፤ ሁለተኛው ቁመቱ የስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል፤ የመጨረሻው የቸርኬው ልክ ነው። የእኛዋ ሁለት መቶ አምስት፣ ስልሳ፣ አሥራ አምስት ነበረች። ማቴዎስ በልቡ ያሰበው አሥራ ስድስት ነበር። እኔ ወረቀት አውጥቼ አሰላሁ። የጎማው ጠቅላላ ቁመት ብዙም መለወጥ የለበትም፤ ስለዚህ ብረቱ ባደገ ቁጥር ጎማው ይሳሳል። በአሥራ አምስቱ፣ በብረቱና በድንጋዩ መካከል አሥራ ሁለት ሳንቲ ሜትር ጎማ አለ። በአሥራ ስምንቱ ዘጠኝ። ልዩነቱ ሦስት ሳንቲ ሜትር ነው።

ሦስት ሳንቲ ሜትር ምን ትሠራለች? እኔ አውቄዋለሁ። ከወረቀቱ ቀና ስል አውቄዋለሁ። ሦስት ሳንቲ ሜትር የቱላ መንገድ ነበረች። አሥራ ስምንቱን መረጥኩ።

እዚሁ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ያለው ጎሚስታ ዘንድ ማቴዎስ መኪናዋን አቁሞልኝ ወደ ሥራው ሄደ። እኔ ቆሜ አስገጠምኩ።

“ማዘር፣ ይሄ እኮ ለአስፋልት ነው” አለኝ ጎሚስታው፣ የአዲሱን ጎማ ጎን በመዳፉ እየለካ። “ይቺ ምን ድንጋይ ትችላለች? ገጠር ትወጣላችሁ?”

“አንወጣም።”

“ፋዘር የቱላ ሰው ናቸው ሲባል ሰምቼ ነበር።”

“ከሐይቅ ዳር አናልፍም አልኩህ።”

ሳቀ። “እንግዲያው ሙሽራ ትሆናለቻ! ሙሽራ ድንጋይ አትረግጥም።” አሮጌዎቹን አራቱንም ከነቸርኬያቸው ባጃጅ ላይ ጫነልኝ። “እነዚህን እንዳይጥሏቸው፤ ለክፉ ቀን ይሆናሉ።”

ከጓሯችን ዕቃ ቤት አለ። ወደ ውስጥ አንከባልዬ ባዶ ጆንያ ከመርኩባቸው። ማታ ማቴዎስ መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አይቶ ሲያበቃ ሁለት ነገር ጠየቀኝ።

“የቱላን መንገድ ትችላለች አለ?”

“ቀስ ካልክ ትችላለች አለ።”

“አሮጌዎቹስ?”

“ለጎሚስታው ተውኩለት።”

ሁለት ጥያቄ፣ ሁለት ውሸት። አሮጌዎቹ ቤት እንዳሉ ቢያውቅ አርብ አርብ እያስቀየረ ይሄዳላ!

በመጀመሪያው ቅዳሜ ሄዶ ሲመለስ የፊት ቀኙ ቸርኬ ተጭሮ ነበር። ቁጢጥ ብሎ ጭረቱን በአውራ ጣቱ ሲያሽ አየሁት። “ታሳዝናለች፤ ለሚቀጥለው ሳምንት ትደርሳለህ” አልኩት። ዱቄቱን በባጃጅ ይዞ ሁለት ጊዜ ሄደ። ከዚያ በየአሥራ አምስት ቀኑ ሆነ። ከዚያ በወር። እኔ የቆጠርኩት በዚህ ነበር፦ መንገድ ሲከብደው ሰው ፍቅሩን ለነገ ያሳድራል። እናቱን የረሳ አይደለም። ነገ እሄዳለሁ እያለ ነው የቀረው፤ ነገውን የሠራሁለት ደግሞ እኔ ነኝ።

ቅዳሜዎቹ የእኔ ሆኑ። ሐይቅ ዳር ወስጄው ዓሣ እንበላለን። መኪናዋን ቆመው የሚያዩ ነበሩ። ማቴዎስ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ እሾህ ይለቅማል። ሳቁን ጠበቅኩ። ሰውየውን እንጂ ሳቁን አላመጣሁትም ነበር።

አሁን ወደዚያች ጠዋት ልምጣ።

የማቴዎስ እህት ብርቱካን ከቱላ ደወለች። እናታቸው ታመዋል፣ ትንፋሽ አጥሯቸዋል፣ መኪና ይዘህ ቶሎ ድረስ አለችው። ሲዘንብ ነበር ያደረው፤ ባጃጅ ያንን ጭቃ አይደፍርም። ማቴዎስ ሸሚዙን እየቆለፈ ወጥቶ በረንዳው ላይ ቆመና ጎማዎቹን አየ።

“ያ ጎሚስታ ስልኩ አንቺ ጋ አለ አይደል? ደውዪለት። አሮጌዎቹን ካልሸጣቸው ለዛሬ ብቻ ያውሰኝ።”

ዕቃ ቤቱ ከቆምንበት አሥር እርምጃ አይሆንም። ጆንያውን ማንሳት፣ ማንከባለል፣ ሰፈር ውስጥ ካለ ጎሚስታ አስቀይሮ መሄድ ብቻ ነበር። ምን ከለከለኝ? የሴትየዋን ሞት ተመኝቼ ነበር? አልተመኘሁም። የከለከለኝ ውሸቴ ነው። ጎማዎቹ ከወጡ እኔም አብሬ እወጣለሁ። ስልኬን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። ቁጥር አልነካሁም። ቆየሁና “አያነሳም” አልኩት።

“እሺ፤ እግዜር ያውቃል” ብሎ ሄደ።

ድንጋዩ መሃል ላይ የቀኙ ጎማዎች ሁለቱም ፈነዱ። ትርፍ ጎማው አንድ ነው። ዘመዶቹ እናቱን በቃሬዛ ተሸክመው ወደ መኪናዋ ሲመጡ፣ መኪናዋ በብረቷ ተቀምጣ ደረሱባት። ሌላ መኪና እስኪገኝ ከኋላ ወንበር አስተኟቸው። እዚያው፣ ራሳቸው ማቴዎስ ጭን ላይ እንዳለ፣ ዐረፉ። ሆስፒታል ቢደርሱ ይድኑ ነበር ወይ? አላውቅም። በዚህ ጥያቄ ስር ግን አልደበቅም።

ለቅሶው ላይ ከወንዶቹ አንዱ በአማርኛ፣ ድምፁን ሳይቀንስ “ለመኪናው ጫማ ሲያማርጥ እናቱን በባዶ እግሯ ሸኛት” አለ። ማቴዎስ ሰማ። አንገቱን ደፋ። እኔ ከሴቶቹ መሃል ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ተቀምጬ ነበር።

ከዚያ በኋላ መኪናዋን ግቢ አቁሞ አልነካትም። “እናቴን በጎማ ለወጥኳት” ይል ነበር። ስንት ጊዜ ሰማሁት! በስንቱ ቀን “አንተ አይደለህም” ማለት እችል ነበር! እኔ ግን ሻይ አቀርብለታለሁ፣ እግሩን አጥብለታለሁ፣ ደግ ሚስት ሆንኩ። ደግነቴ በጨመረ ቁጥር መናገሩ ራቀኝ። ከጊዜ በኋላ የስኳር በሽታ ያዘው፤ ሲጸናበትና ሲተኛ እጄን ይዞ “እናቴ ይቅር ብላኛለች ትያለሽ?” አለኝ። “ብላሃለች” አልኩት። የእኔ ያልሆነውን ይቅርታ ሰጠሁት፤ የእሱ ያልሆነውን በደል ይዞ ሄደ።

አሁን ብርቱካን ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ብቻዬን እንዳልሆን ነው። ያንን የድንጋይ መንገድ በእግሯ ወርዳ፣ አስፋልቱ ላይ ታክሲ ተሳፍራ፣ አቮካዶ ተሸክማ ትገባለች። “እንደምነሽ፣ የወንድሜ ሚስት? በልተሻል?” ትለኛለች። እኔ የዘጋሁትን መንገድ ለእኔ ስትል ትረግጠዋለች። ባለፈው ሳምንት መኪናዋን በመስኮት እያየች “ወንድሜን እወደው ነበር” አለች፤ “ግን ይህን ነገር እስከ ዛሬ ይቅር ልለው አልቻልኩም። አንቺ ምን ታደርጊ፤ ወንድ ያለው አይቀር።” ከዚያ ጀርባዬን አሻሸችልኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤቱ አየር አነሰኝ። የትም ብቀመጥ ያ ዕቃ ቤት አሥር እርምጃ ላይ ነው።

ዛሬ አርብ ነው። ጠዋት ዕቃ ቤቱን ከፈትኩ፤ ጆንያዎቹን አነሳሁ። ከጎማዎቹ ጥርስ መሃል የቱላ ቀይ አፈር እንደ ጡብ ደርቆ አለ። አንድ በአንድ አንከባልዬ በረንዳው ላይ፣ በሩ ፊት ደረደርኳቸው። ወገቤ አሞኛል። መልሼ ላስገባቸው ብል እንኳ ጉልበት አልቀረኝም፤ የፈለግኩትም ይህንኑ ነው፤ ራሴን አውቃታለሁና።

ይቅርታ አልጠይቅም። ይቅር ሊሉኝ የሚገባቸው ሁለቱም ቱላ አፈር ውስጥ ናቸው። እርስዎም አይዘኑልኝ። ብቀና ነው፣ ብፈራ ነው አልልም፤ የቀና ሰው ሁሉ ጎማ አይደብቅም።

ነገ አራት ሰዓት ገደማ ብርቱካን ትመጣለች። እነዚህን ጎማዎች ታውቃቸዋለች፤ ወንድሟ ሲመጣ ጭቃቸውን የምታጥብለት እሷ ነበረች። “እነዚህ ከየት መጡ?” ትለኛለች።

እኔም “ያን ቀን ወንድምሽ ፈልጓቸው ነበር” እላታለሁ።