እናቴ የታረቀችው የድንጋይ ካባ

ከቤቴ ማዶ ሌላ ሆቴል እየተሠራ ነው። ትናንት ጠዋት ገልባጭ መኪና መጥቶ ጠጠሩን አስፋልቱ ዳር ዘረገፈው። ሠራተኛው ውሃ ሲያርከፈክፍበት ያ ሽታ፣ የረጠበ የድንጋይ ዱቄት ሽታ፣ በመስኮቴ ገባ። ሰው የዝናብ ሽታ ነው ብሎ ይወደዋል። እኔ መስኮቴን ዘጋሁ። አዳማ ፎቅ በፎቅ ስትሆን ጠጠሩ ከየት እንደሚመጣ የጠየቀ አንድ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። ኤዲያ፣ ለምን ብሎ ይጠይቃል?

ከእኛ ዘንድ ነበር የሚመጣው። ከሁሩታ ወረድ ብሎ ካለችው መንደራችን ጀርባ ያለውን ኮረብታ የድንጋይ ካባ አደረጉት። ድንጋይ የሚፈጨውን ማሽን፣ ክሬሸሩን፣ አጥራችን ሥር ተከሉት። ከሰዓት በኋላ ድማሚቱ ሲፈነዳ ግድግዳችን ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ አቧራው ይነሳና ፀሐይዋ ትደፈርሳለች። የስንዴው ቅጠል ነጭ፣ የላሟ ጀርባ ነጭ፣ የኩሬው ውሃም ነጭ። እኔ ያኔ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ታላቅ እህቴ እኔን ለማስተማር ብላ ትምህርቷን ትታ፣ እዚያው ማሽን ሥር በቀን ሠራተኛነት ጠጠር ትዝቅ ነበር። ስትመለስ ፀጉሯና ሽፋሽፍቷ ሳይቀር ዱቄት ለብሶ፣ "አያትሽ መጣች" እያለች ታስቀኛለች። ከዚያ ሳል ጀመራት። በሁለተኛው ዓመት አንድ ጀሪካን ውሃ ይዛ ዳገቱን መውጣት አቃታት። ሥራውን ተወችው፤ ቤታችን ግን እዚያው ነበር፣ አቧራውም እዚያው።

ወንዶቹ ማመልከቻ ይዘው ቢሮ ለቢሮ ዞሩ። "ይታያል" ተባሉ። ያኔ ነው እናቴ ሲንቄዋን ከተሰቀለችበት ያወረደችው። ሲንቄ አርሲ ውስጥ ሴት ልጅ ስታገባ እናቷ የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት። ሴቶች እሷን ይዘው ከወጡ ወንድ ጥሷቸው አያልፍም፣ ይፈራል። የመንደሩ እናቶች በሙሉ ተከትለዋት ወጡና ወደ ካባው የሚወስደው መንገድ ላይ ተቀመጡ። ሾፌሮቹ የዚያው አገር ልጆች ናቸው፤ በትሮቹን ሲያዩ ሞተር አጠፉ። ክሬሸሩ ሦስት ቀን ሙሉ ዝም አለ። ምን ልበላችሁ፣ በሦስተኛው ቀን የወፍ ድምፅ ሰማሁ። እህቴ አጥሩ ጥግ ፀሐይ እየሞቀች፣ ዛሬስ አየሩ ይጣፍጣል አለችኝ።

በአራተኛው ቀን ድርጅቱ ሰው ላከ። ፖሊስ ቢልክ ይሻለን ነበር። የላከው ግን የአርሲ ልጅ ነው፣ ወጉን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ። ኮቱን አውልቆ፣ እርጥብ ሳር በሁለት እጁ ይዞ፣ እመንገዱ ላይ ተንበረከከ። ማሽኑን ከመንደር እናርቃለን፣ አቧራውን በውሃ እናበርዳለን፣ የታመመ እናሳክማለን አለ። "እናቶቼ፣ ማሩኝ" ብሎም አለቀሰ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እሱ ከየት እንዳመጣው አላህ ይወቅ። በእኛ ዘንድ ሳር ይዞ የተንበረከከን ሰው እምቢ ማለት ነውር ነው፣ እርግማንም ያመጣል። አንዲት ጎረቤታችን ግን መጀመሪያ ማሽኑ ይነሳ፣ ከዚያ እንታረቃለን አለች። እናቴ ገሠጸቻት።

"ይቅርታ በመያዣ አይሰጥም" አለቻት፤ ሳሩንም ከእጁ ተቀበለች። ደግሞ መረቀችው እኮ! ልጆችህ ይደጉ፣ ቤትህ ይሙላ እያለች።

በማግስቱ ጠዋት ክሬሸሩ እዚያው እቦታው ላይ መጮህ ጀመረ። ሰውየውን ዳግም ያየው የለም። ሴቶቹ እንደገና እንውጣ ብለው ሲመጡ እናቴ እምቢ አለች። አንዴ በመረቅኩበት አፌ አልራገምም፣ ቃሉን እሱ ይጠየቅበት ብላ መለሰቻቸው። እህቴ ይህን ሁሉ መደብ ላይ ተኝታ ትሰማለች። ሴቶቹ ሲወጡ በክርኗ ቀና ብላ ለእናታችን፣ አዮ ለምንላት፣ ያለቻት እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

"አዮ፣ ያንቺ ልብ ታርቋል። የኔ ደረት ግን አልታረቀም።"

እናቴ ወጥታ ላሟን ማለብ ጀመረች።

እህቴ ያንን ክረምት አልጨረሰችም። አዳማ ድረስ አምጥተናት ነበር። ሐኪሙ የደረቷን ራጅ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየና፣ ምን ሥራ ነበር የምትሠሪው አላት። እሷ ስትነግረው ራጁን ቀስ ብሎ አስቀመጠው። ከቀበርናት በኋላ አቧራ እንለካለን የሚሉ ሰዎች መንደራችን መጡ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ያንን ሰውዬ ጠላሁት፣ ድርጅቱንም ጠላሁት፤ ይሄ አልከበደኝም። የከበደችኝ እናቴ ናት። አሁን አርጅታ እኔ ዘንድ ትኖራለች። ገላዋን የማጥባት እኔ፣ ወገቧን የማሽላት እኔ። ደግነቷ ያናድደኛል፤ ለማኝ በሩ ላይ ቆሞ ሲመርቃት እንኳ እናደዳለሁ። እወዳታለሁ ግን፣ ምን ላድርግ።

ባለፈው ሳምንት ፀጉሯን ስጎነጉንላት ፊቷን ሳታዞር ጠየቀችኝ።

"ባልታረቅ ኖሮ ልጄ ትተርፍ ነበር?"

አይ አዮ፣ የአላህ ቁርጥ ነው ማለት ነበረብኝ። ለማንም ለቅሶ ቤት የምለውን ለገዛ እናቴ ማለት አቃተኝ። መጎንጎኔን ቀጠልኩ። እሷም እስክጨርስ ድረስ ሳትንቀሳቀስ ጠበቀችኝና ሻሿን አሰረች።

"ገባኝ፣ ልጄ" አለችኝ።