ባለ ሦስት ዘውዷ ማንኪያ

ፈትለወርቅ ፈሪ ናት፤ ራሷም አትክድም። ሱዳን ሳለች ወታደር ትፈራ ነበር፣ አሜሪካ ዴንቨር ስትገባ በረዶ ፈራች፣ አሁን ደግሞ በሰው ቤት ብቻዋን መሆን ትፈራለች። እንጀራዋ ግን እሱ ነው። በየማለዳው ከምትኖርበት ከኦሮራ በኮልፋክስ ጎዳና አውቶቡስ ወደ ዴንቨር እየሄደች ሚስስ ኤክማን የሚባሉ የስዊድን ዘር ያላቸው አሮጊት ትንከባከባለች።

አንድ የሰኔ ቅዳሜ አሮጊቷ ሸለብ ሲያደርጋቸው የብር ዕቃቸውን ትወለውል ጀመር። ከመሳቢያው ጥግ አንዲት ትንሽ ማንኪያ ወጣች። ውስጧ ወርቅ ቅብ ነው፤ መሐሏ በመስቀል ቅርጽ ተበሳስቷል። እጀታዋን ብትገለብጠው ሦስት ጥቃቅን ዘውዶች በአንድ ቅጠል ውስጥ ታትመዋል።

ሦስት ሆኖ አንድ! ይህማ ዕርፈ መስቀል ነው፤ ከካህናት በቀር ማንም የማይነካው፣ ሥጋ ወደሙ ሲቀበሉ ክቡር ደሙ የሚቀዳበት። እሷ ደግሞ በሳሙና እጇ ጨብጣዋለች።

ከሹካና ከቢላ ጋር መልሳ ልታስቀምጠው አልደፈረችም። በንጹሕ ነጠላ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አውቶቡስ ውስጥ ከተቀመጠች በኋላ ነው የሰው የብር ዕቃ ከሰው ቤት ማውጣቷ ትዝ ያላት። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄስ ወልደሚካኤልን መኪናቸው አጠገብ ጠብቃ ነጠላውን ገልጣ አሳየቻቸው።

«አባ፣ ዕርፈ መስቀል ነክቻለሁና ይፍቱኝ።»

ቄሱ ማንኪያዋን ወደ ፀሐይ አንስተው በቀዳዳዎቹ አሾለቁ።

«አንቺ ልጅ፣ ዕርፈ መስቀል ወንፊት ነው እንዴ? ክቡር ደሙን መሬት ሊያፈሰው? ይቺ የሆነ ነገር መነስነሻ ናት» አሉና ሳቁ። «ለመሆኑ ባለቤቷ ያውቃሉ?»

«አያውቁም፣ አባ።»

ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ። «እንግዲያው መፍራት አሁን ነው። ተናግረሽ መልሺ። ደብቀሽ ብትመልሺ ያው ሌብነት ነው።»

ሰኞ ኩሽና ስትገባ የአሮጊቷ ልጅ ካሪን መሳቢያውን እየበረበረች ነው። ጠረጴዛው ላይ ሚስስ ኤክማን ፊት እንጆሪ ቀርቧል።

«የእማዬን የስኳር ማንኪያ አይተሻል?»

አላየሁም ብላ፣ ኋላ ከመሳቢያው ሥር ያገኘች መምሰል ትችላለች። ግን ቦርሳዋን ከፍታ ማንኪያዋን ከነነጠላው አወጣች።

«ከቦርሳሽ ውስጥ?» አለች ካሪን።

ፈትለወርቅ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ስለ ካህኑ፣ ስለ ቅዱስ ቁርባኑ፣ ስለ ሦስቱ ዘውዶች ተናገረች። በተናገረች ቁጥር ውሸት ይመስልባታል። ካሪን ፈትለወርቅን የቀጠረው ኤጀንሲ ጋ ለመደወል ስልኳን አነሳች።

«አስቀምጪው» አሉ ሚስስ ኤክማን። መነጽራቸውን አድርገው ማንኪያዋን ገለበጡ። «ዘውዶቹ የስዊድን መንግሥት ናቸው፤ ብሩ ተፈትኖ ንጹሕ ሲሆን ይመታሉ። ከጎናቸው ያለው ይህ ዘውድ የደፋ ራስ የስቶክሆልም ምልክት ነው። ፊደሉና ቁጥሩ የተሠራበት ዓመት፣ ይኸኛው ደግሞ የአንጥረኛው ስም። እናቴ እንጆሪ ላይ ስኳር ትነሰንስባት ነበር። ቅዳሜ ብትጠይቂኝ ኖሮ፣ ልጄ!»

«ፈራሁ፣ እመቤቴ።»

«እኔንም?»

ፈትለወርቅ ነጠላውን ታጣጥፍ ጀመር።

ካሪን ስልኳን አስቀመጠች። የፈትለወርቅን ቦርሳ ግን አንስታ በረንዳው ወንበር ላይ አኖረችው።

«ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ይቆይ።»

ፈትለወርቅ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። አሮጊቷ ማንኪያዋን ሰጥተው «ነስንሺልኝ» ሲሏት ፈራ ተባ እያለች ነሰነሰች፤ ስኳሩ ከእንጆሪው ይልቅ ጠረጴዛው ላይ ዘነበ።